ያልቀመሳችሁትን አታጉርሱ

የንስሩን ታሪክ ሰምታችኋል። ንስር 70 ዓመት ይኖራል፤ 40 ዓመት ሲሞላው መንቁሩ ይጎብጣል፣ ጥፍሩ ይዶለዱማል፣ ላባው ይከብደዋል። ከዚያ ተራራ ላይ ወጥቶ መንቁሩን ከዐለት ጋር እያጋጨ ይሰብረዋል፤ አዲስ ሲወጣለት በእሱ ጥፍሮቹን ይነቅላል፤ አዲስ ጥፍር ሲያበቅል ደግሞ ላባውን ይነጫል፤ ከ150 ቀን በኋላ ታድሶ ይበራል። በየጉባኤው ተሰብኳል፤ በዘመን መለወጫ ሰሞን ደግሞ ከስልክ ስልክ ይዞራል። እኔ ሰምቼው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አስተምሬዋለሁ። በወጣቶች የእሁድ ከሰዓት ፕሮግራም መዝሙር 103፥5ን እና ኢሳይያስ 40፥31ን አስከፍቼ፣ ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ አስተማርኩ። አሜን ተባለ፤ ያለቀሱም ነበሩ።

ፕሮግራሙ አልቆ ወንበር ስንሰበስብ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቀረበችኝ። “መምህር፣ ንስሩ አምስት ወር ሙሉ ያለ መንቁር ምን ይበላል?” አለችኝ። ለማሾፍ አልነበረም፤ ባዮሎጂ የምትወድ ልጅ ናት፣ የምር ማወቅ ፈልጋ ነው። እኔም ሳላፍር “እግዚአብሔር ይመግበዋላ!” አልኳት። ራሷን ነቅንቃ፣ በትሕትና አመስግናኝ ሄደች።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ታሪኩን ከየት እንዳገኘሁት ማስታወስ ጀመርኩ። ከአንድ ሰባኪ ነው የሰማሁት። በማግስቱ ደውዬ ጠየቅሁት፤ እሱም ከሌላ ሰባኪ ሰምቶት ኖሯል። ያኛው ደግሞ በቴሌግራም ከተላከለት ጽሑፍ ላይ ነው ያነበበው። ጽሑፉ ላይ የጸሐፊ ስም የለም። ሦስታችንም የእግዚአብሔርን ቃል ልናስተምር መድረክ ላይ የቆምን ሰዎች ነን፤ አንዳችንም አላጣራንም። እውነቱ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። የንስር መንቁርና ጥፍር እንደ እኛ ጥፍር ዕድሜ ልኩን ሲያድግና ሲሞረድ ይኖራል። ላባውንም በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ይቀይራል። በዱር የሚኖር ንስር 70 ዓመት አይደርስም፤ መንቁሩ የተሰበረበት ንስር ደግሞ በረሃብ ይሞታል እንጂ አይታደስም። መዝሙረኛውም ሆነ ኢሳይያስ ስለ መንቁር መስበር አንዲት ቃል አልተናገሩም። አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ መዝገበ ቃላት ብገልጥ ኖሮ ከዚህም የበለጠ ባገኘሁ ነበር። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ “ንስር” የተባለው የዕብራይስጥ ቃል ጥንብ አንሳንም ይጨምራል፤ ሚክያስ 1፥16 ላይ የኀዘንተኛው መላጣነት ከዚህ ወፍ ጋር የተነጻጸረው ራሱ ላባ ስለሌለው ነው ብለው ብዙ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ መጽሐፍና አሥር ደቂቃ ነበር።

ምሳሌ ነው፣ ምን አለበት ትሉኝ ይሆናል። ልጅቷ ፊት ብትቆሙ እንዲህ አትሉም። ያን ዕለት ልጅቷ ስለ ንስር ብቻ አልነበረም የጠየቀችኝ። ያ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ የሚናገረውን አጣርቶ ነው ወይስ ዝም ብሎ ነው እያለች ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ስለ ክርስቶስ ትንሣኤ ሳስተምር፣ ያው ሰው፣ ያው ድምፅ፣ ያው ልበ ሙሉነት ነው ፊቷ የሚቆመው። በንስሩ የዋሸኋት ሰው በባዶው መቃብር ለምን ታምነኛለች?

ንስሩ ብቻውንም አይደለም። በኢየሩሳሌም ቅጥር ላይ “የመርፌ ቀዳዳ” የምትባል ጠባብ በር ነበረች፣ ግመል ጭነቱን አራግፎ ተንበርክኮ ይገባባት ነበር ተብሎ ስንት ጊዜ ተሰበከልን? እንዲህ ያለች በር በዚያ ዘመን እንደነበረች የሚያሳይ ምንም ማስረጃ የለም። ጌታ በዚያ ክፍል ነገሩ በሰው ዘንድ እንደማይቻል ሲናገር፣ እኛ በር ፈልስፈን ትንሽ ቢንበረከኩ ይቻላል አሰኘነው፤ ስብከቱ የጌታን ቃል ገለበጠው። ሊቀ ካህናቱ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ሲገባ እግሩ ላይ ገመድ ይታሰር ነበር የሚባለውስ? ዘጸአት 28ን አንብቡ፤ ሻኩራው አለ፣ ገመዱ የለም። ዘሌዋውያን 16ን አንብቡ፤ እዚያም የለም። ወሬው ከመካከለኛው ዘመን ወዲህ የመጣ ነው። “አትፍራ” የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ 365 ጊዜ ተጽፏል፣ ለየቀኑ አንድ፣ የሚለውንስ? ኮንኮርዳንስ ያለው ሰው አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ ይቁጠርና ይንገረኝ፤ ወደዚያ ቁጥር አይጠጋም። በእርግጥ እግዚአብሔር አንድ ጊዜ ብቻ አትፍራ ቢል ኖሮም ለዓመቱ ይበቃን ነበር።

እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። አሁን ወደ ከባዱ ልግባ።

በወጣቶች ኅብረታችን አንድ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረ። ስሙን አልጠራም፣ አብራችሁት ያገለገላችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ተላከለት። አንድ ሰው ኤርምያስ 29፥11ን ጠቅሶ፣ ይህን የምታይ አንተ በ60 ቀን ውስጥ ከአገር የምትወጣበት በር ይከፈትልሃል፣ ዘርህን ዝራ ይላል። ልጁ ላፕቶፑን ሸጠ። ገንዘቡን ላከ። ትምህርቱንም አቋርጦ መጠበቅ ጀመረ። 60 ቀኑ አለፈ፤ 120ም አለፈ። እናቱ ከዚያ በኋላ እኔ ቤት መጥታ ነበር። ምንም አልወቀሰችኝም፤ ቡናዋን ሳትጠጣ “መምህር፣ እናንተ ጋ የተማረው ይሄንን ነው እንዴ?” ብቻ አለች። ልጁ አሁን ትምህርቱን ለመቀጠል እየሞከረ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን አይመጣም።

ቪዲዮውን የላከለት ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጠላቱ አይደለም። ከእኛው አንዱ ነው፤ የሚወደው ጓደኛው፣ “ተባረክበት” ብሎ ጽፎ ነው የላከለት። በኋላ ሲነጋገሩ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው እንዳላየው ተናገረ። ጥቅሱን ሲሰማ ደስ አለው፣ ላከው፣ በቃ።

አሁን እባካችሁ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አውጡና ኤርምያስ 29ን ከመጀመሪያው አንብቡ። ቁጥር 11 የተንሳፈፈ በረከት አይደለም፤ የደብዳቤ መካከል ነው። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ሆኖ በባቢሎን ላሉ ምርኮኞች የላከው ደብዳቤ። ደብዳቤው የሚጀምረው ቤት ሥሩ፣ ተክል ትከሉ፣ አግቡ፣ ልጆች ውለዱ፣ ለተማረካችሁባት ከተማ ጸልዩ በማለት ነው። ማለትም ሻንጣችሁን አትሸክፉ፤ ቶሎ አትወጡም። ከዚያ ቁጥር 8 እና 9 ላይ በመካከላችሁ ያሉ ነቢያትና ምዋርተኞች አያታልሏችሁ፣ እኔ አልላክኋቸውም ይላል። ቁጥር 10 ላይ የመመለሻው ጊዜ ይነገራል፤ 70 ዓመት። ያን ደብዳቤ ሲሰማ 20 ዓመቱ የነበረ ወጣት፣ ተስፋው በእሱ ዕድሜ እንደማይፈጸም እያወቀ ነው ቁጥር 11ን የሰማው። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ሂዱ። ምዕራፍ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ። እሱ ሁለት ዓመት ነው ያለው። ሕዝቡ በማን ስብከት አሜን ያለ ይመስላችኋል? ሁለት ዓመት ባለው ነው ወይስ 70 ባለው? ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ። ቶሎ ይሆንልሃል የሚሉትን ነቢያት ለመቃወም ከተጻፈ ደብዳቤ ላይ አንዲት ቁጥር ቆርጠው፣ ቶሎ ይሆንልሃል ለማለት ተጠቀሙባት። ልጁ ሦስት ቁጥር ወደ ላይ ቢያነብ ኖሮ ያ ቪዲዮ ራሱ ሲወገዝ ያየው ነበር። ልጁን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምለው። ሦስት ቁጥር ወደ ላይ አንብብ ብሎ ያስተማረው ስለሌለ ነው። እኔም ጭምር፤ እኔ ንስር ሳስተምር ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ከእናንተ አንድ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣልኛል፤ “መምህር፣ የሚታመን የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ ጠቁመን።” ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ ግን ስልካችሁን ስከፍተው ባዶ አይደለም። ፒዲኤፍ በፒዲኤፍ ነው። ማብራሪያው፣ የነገረ መለኮት መጽሐፉ፣ የሕልም ፍቺው፣ “የመላእክት ምስጢር” የሚለው፣ ሁሉም ጎን ለጎን ተከምሯል። አንድ እሁድ በኅብረታችን፣ ባለፈው ወር መጽሐፍ ለሰው የላካችሁ እጃችሁን አውጡ አልኩ፤ ብዙ እጅ ወጣ። የላካችሁትን ጨርሳችሁ ያነበባችሁት አትውረዱ ስል፣ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እጆቹም ወረዱ። እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው አያስቅም።

በአገራችን ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው። ቢሆንም እናት ልጇን ከማጉረሷ በፊት ትቀምሳለች፤ ጨው በዝቶ፣ ተበላሽቶ፣ ያቃጥል እንደሆነ ታያለች። እኛ ግን በመንፈሳዊ ነገር ከማን እንደ መጣ ያላወቅነውን፣ ያልቀመስነውን ድስት በሙሉ በሰው አፍ እንገለብጣለን። ከዚያ “ሼር” ያደረገ ይባረካል ብለን እንጨምርበታለን።

አንዳንዶቻችሁ መልሳችሁ ዝግጁ እንደሆነ አውቃለሁ። “እኔ ማብራሪያ ምናምን አያስፈልገኝም፤ መንፈስ ቅዱስ ያስተምረኛል” ትላላችሁ። ጥቅስም አላችሁ፤ 1ኛ ዮሐንስ 2፥27። መልካም። ዮሐንስ ግን ያን የጻፈው ለማስተማር በላከው ደብዳቤ ውስጥ ነው፤ መምህር በጭራሽ አያስፈልጋችሁም ማለቱ ቢሆን ኖሮ ብዕሩን ባስቀመጠ ነበር። ያገራችን ሰው ጃንደረባው በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ፣ ፊልጶስ ይገባሃል ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይገባኛል ብሎ ነው ሠረገላው ላይ ያስቀመጠው። መንፈስ ቅዱስ ለጃንደረባው በቀጥታ መግለጥ ይችል ነበር፤ ያደረገው ግን ፊልጶስን ወደ ሠረገላው መላክ ነው። ጳውሎስም እስር ቤት ሆኖ ሞቱን እየጠበቀ፣ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጨረሻው ደብዳቤ፣ ከበርኖሱ ጋር መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ነው የለመነው። ሦስተኛው ሰማይ ድረስ የተነጠቀ ሰው መጽሐፍ ካስፈለገው፣ እኔና እናንተ ከእሱ ምን ያህል ብንበልጥ ነው?

የምናነበው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ እንዴት እንደተገኘ ብታውቁ ደግሞ ይህን ክርክር ታፍሩበት ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በካይሮ አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴና አስሊን ደ ሸርቪል የሚባል የፈረንሳይ ቆንስል ለአሥር ዓመት ያህል በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በር ዘግተው እየተቀመጡ አነበቡ፣ ተረጎሙ። መሠረት ያደረጉት የዐረብኛውን ትርጉም ነበር፤ ቃል ሲከብዳቸው ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱን፣ የሰባ ሊቃናትን ትርጉም ይመለከቱ ነበር፤ ከዚህም ሌላ መዝገበ ቃላትና ማብራሪያ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከ9,000 ገጽ በላይ ጻፉ። የእጅ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1820 ለእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተሸጠ፤ ወንጌላቱ በ1824፣ ሙሉው በ1840 ታተመ። እንግዲህ የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተወለደው ከማብራሪያ ጎን ነው። ማብራሪያ አልነካም የሚለው ወንድሜ፣ በማብራሪያ ታግዞ የተተረጎመ መጽሐፍ ይዞ ነው የሚፎክረው።

ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1899 ሙሉውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለሕዝባቸው ሲያደርሱ፣ እሱ ብቻ ይበቃል ብለው አልተቀመጡም። ከዚያ በፊት በ1894 የንባብ መማሪያ አዘጋጅተዋል፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች መጽሐፍና የሉተር ካቴኪዝምም ተተርጉሟል። መጽሐፉን ለሰው መስጠትና ሰው እንዲያነበው መርዳት ለእነሱ አንድ ሥራ ነበር።

ሌላው ወገን ደግሞ አለ፤ ይህ በሽማግሌዎቻችን ዘንድ የማየው ነው፣ በአክብሮት ልናገር። “የሚነበበውን እኛ እንወስን፤ የተፈቀደ መጽሐፍ ዝርዝር ይውጣና በር ላይ ይለጠፍ” የሚሉ አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፣ የልጁን እናት እነሱም አይተዋታል። የሚለጠፍ ዝርዝር ግን አያድነንም። ዝርዝር የሚያስተምረው የመጽሐፍ ስም ነው፤ መመዘን አያስተምርም። ነገ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ቪዲዮ ሲመጣ ልጆቻችን ያው ናቸው። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስ ራሱ እንኳ ሲሰብክላቸው፣ ነገሩ እንዲሁ ይሆንን እያሉ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን መረመሩ፤ ሉቃስም በዚህ አመሰገናቸው እንጂ አልገሠጻቸውም። ሐዋርያ የተመረመረበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ የእኔ ትምህርት ወይም የሽማግሌ ዝርዝር የማይመረመርበት ምክንያት የለም።

ታዲያ ምን ይሁን? እኔ የምለው ምስክርነት ይሁን ነው። መጽሐፍ የሚጠቁም ሰው ምስክር ይሁን፤ ምስክር ደግሞ ያየውን እንጂ የሰማውን አይናገርም። አንብቤዋለሁ፣ እስከዚህ ድረስ አንብቤዋለሁ፣ ይህን አግኝቼበታለሁ፣ እዚህ ላይ አልተስማማሁም፣ ጸሐፊው እገሌ ነው፣ ለዚህ ሥራ ይጠቅማል፣ ለዚያ አይጠቅምም። ከዚህ ያነሰ ጥቆማ ጥቆማ አይደለም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲሄድ “ከማን ተማርክ?” ተብሎ ይጠየቃል። የመጻሕፍት መምህራኑ አንድን ጥቅስ ሲያብራሩ አንድ ፍቺ ሰጥተው አያቆሙም፤ “አንድም” እያሉ ሌላውን የአባቶች ፍቺ ይደረድራሉ። በትምህርት ከእነሱ የምንለይበት ብዙ ነገር አለ፤ በዚህ ግን በልጠውናል። የእኛ ሰባኪ ከማን ተማርክ ሲባል ይቆጣል። የእኛ ቴሌግራም ደግሞ ስም ጭራሽ የለውም።

ምስክርነቱ በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። በምርጫዬ ባትስማሙ ደስ ይለኛል፤ መጽሐፉን አንብባችሁ ከሆነ ነው ታዲያ።

ከሁሉ በፊት ሁለት ትርጉም ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ የ1954ቱንና አዲሱን መደበኛ ትርጉም። ገንዘብ የሌለው ከጓደኛው ጋር ይቀመጥ፤ አንዱ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ያንብብ። ሁለቱ የተለያዩበት ቦታ ሲገኝ መቆሚያ ነው፤ እዚያ ላይ መዝገበ ቃላቱን ግለጡ። ምሳሌ 29፥18ን ውሰዱ። “ራእይ” የሚለውን ቃል ይዘን የስንቱን ድርጅት የአምስት ዓመት ዕቅድ ባርከንበታል! በዕብራይስጡ ግን ቃሉ ነቢይ ከእግዚአብሔር የሚቀበለውን መገለጥ ነው የሚያመለክተው፤ የጥቅሱ ሁለተኛ ግማሽም ስለ ሕግ ጠባቂ ነው የሚናገረው። የእግዚአብሔር ቃል የማይሰማበት ሕዝብ መረን ይሆናል ነው ነገሩ። ስለ ዕቅድ አይደለም። ዕቅድ አታውጡ ማለቴ አይደለም፣ ሰሎሞንን አትጥቀሱበት።

ከማብራሪያ በኩል የአፍሪካ የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ የሚባለውን እጠቁማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ፤ ዋና አዘጋጁ ናይጄሪያዊው ቶኩንቦ አዴየሞ ነበሩ፤ 70 አፍሪካውያን ሊቃውንት ጽፈውበታል፣ ኢትዮጵያዊም አለበት። ስለ ቀድሞ አባቶች መንፈስ፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ጎሣ ሲናገር ሰፈራችንን ያውቃል። ጉድለቱንም ልንገራችሁ። 66ቱን መጻሕፍት በአንድ ጥራዝ የያዘ ስለሆነ አስቸጋሪ ቁጥር ላይ ስትደርሱ ሁለት መስመር ብሎ ያልፋችኋል። ለቤት ለቤት ጥናት መሪ ግሩም ነው፤ ሮሜ 9ን ለመፍታት ግን አይበቃም። ጥቆማ ሲባል እንዲህ ጉድለቱንም መናገር ነው። ጉድለት የሌለው መጽሐፍ አገኘሁ የሚል ሰው አላነበበውም፣ ወይም እየሸጠው ነው።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ጥያቄያችሁን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ታቀርባላችሁ። እኔም እሞክረዋለሁ፤ ዝርዝር ለማውጣት ይረዳል። ግን የሌለ መጽሐፍ ከነገጹ ሊጠቅስላችሁ ይችላል፤ ከማን ተማርክ ስትሉት ደግሞ የሚጠራው መምህር የለውም። የጠቀሰውን ካልገለጣችሁ አትጥቀሱት።

ስለ ፒዲኤፉም አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። በአማርኛ የተጻፈ ጠንካራ የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ ለምን አነሰ ብላችሁ ታማርራላችሁ። ጸሐፊው ስንት ዓመት የደከመበት መጽሐፍ በወጣ በሳምንቱ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነስቶ በየግሩፑ ሲበተን፣ ሁለተኛውን መጽሐፍ ማን ያሳትምለታል? እኛ “ለወንጌል ነው” እያልን ሰርቀን የምናነብ ትውልድ ሆነናል። አቅም ከሌላችሁ አምስት ሆናችሁ አንድ ግዙ፣ ተራ በተራ አንብቡ። ወላጆቻችን በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ በየቤቱ ተደብቀው ሲያጠኑ፣ አንዱን መጽሐፍ ስንት ሰው እየተቀባበለ እንዳነበበ ጠይቋቸው። የነበራቸው መጽሐፍ ጥቂት ነበር፤ የነበራቸውን ግን አንብበውታል።

ከመጪው እሁድ ጀምሮ በወጣቶች አዳራሽ መግቢያ ላይ አንድ ትልቅ ደብተር ይቀመጣል፤ ሽማግሌዎች ፈቅደዋል፣ እኔም ጠባቂው ነኝ። የአንድ ሰው አንድ ገጽ ነው። የመጽሐፉን ወይም የትምህርቱን ስም፣ የጸሐፊውን ወይም የአስተማሪውን ስም፣ ከየት እስከየት እንዳነበባችሁ ወይም እንደሰማችሁ፣ የረዳችሁንና ያልተስማማችሁበትን ጽፋችሁ ስማችሁን ትፈርማላችሁ። ያልተፈረመበት ገጽ ይቀደዳል። ጨርሶ ያላነበበ አይጻፍ። ማንም ከሥር መልሶ መጻፍ ይችላል፤ የእኔ ገጽ ላይም ጭምር፣ በትሕትና እስከሆነ ድረስ። በየወሩ መጨረሻ ሁለት ሰዎች የጻፉትን ይዘው ቆመው ይጠየቃሉ። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የሚለጠፈው ደብተሩ ላይ የተፈረመበት ብቻ ይሆናል። ግሩፑ ለአንድ ወር ጭር ቢል አይክፋችሁ።

የመጀመሪያውን ገጽ ጽፌዋለሁ። የመጽሐፍ ጥቆማ አይደለም። ስለ ንስር ያስተማርኩት ትምህርት ሐሰት እንደነበረ፣ ሳላጣራ እንዳስተማርኩት፣ ጥያቄ የጠየቀችኝንም እህት በማይገባ መልስ እንደሸኘኋት ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ለእሷ አስቀድሜ በቃል ነግሬያታለሁ። እሷም ኢሳይያስ 40ን ከምዕራፉ መጀመሪያ እያጠናች እንደሆነና ሁለተኛውን ገጽ እንዳስቀምጥላት ነገረችኝ።